ጉርሻ የለመደችው ቅጠል

ተረት አለኝ፤ ጆሮ አላችሁ? እንግዲያው ጠጋ በሉ፤ እጃችሁንም ሰብስቡ።

ድሮ ድሮ፣ ረግረግ ዳር፣ ማንጠግቦሽ የምትባል ጠጅ ሻጭ ነበረች። ጠጇ ግሩም ነው፤ ዝንቡ ግን መከራ ነው። ጠጪዎቿ «ማንጠግቦሽ፣ ዝንቡን ትሸጪልናለሽ ወይስ ምርቃት ነው?» እያሉ ይስቁባታል።

አንድ ቀን ሕፃን ልጇን አስተኝታ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ አንዲት ተክል አየች። ቅጠሎቿ እንደ ሁለት መዳፍ ተከፍተዋል፤ ጠርዛቸው ሽፋሽፍት አለው። ዝንብ መጣ፤ አረፈ። መዳፎቹ ቀስ ብለው ገጠሙ። ድምፅ የለም።

«የኔ ወዳጅ!» አለች ማንጠግቦሽ። ነቅላ በተሰበረ ገንቦ ተከለቻት፤ ከጋኑ አጠገብ አኖረቻት።

ዝንቡ ጠፋ። ጠጪው በዛ። ማንጠግቦሽም «የምታገለግለኝን ሳላጎርስ ብበላ ነውር ነው» ብላ ሥጋ ቆንጥራ አጎረሰቻት። ቅጠሏ ተፋችው። ሥጋውን በጣቷ ነቅነቅ ስታደርግላት ግን ገጠመች። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብላ ደገመቻት። «በሥላሴ» ብላ ሠለሰቻት።

ታላቅ እህቷ ስንዱ ቆማ ታያለች።

«እህቴ፣ ዝንቧን ተዪላት። ጉርሻ የለመደ፣ እጅ እጅ ያያል።»

«እትዬ ደግሞ! ቅጠል ዓይን አላት?»

ከዚያ ወዲህ ቅጠሏ ዝንብ ናቀች። ማንጠግቦሽ ባለፈች ቁጥር ቀስ ብላ ወደ እጇ ትዞራለች። አደገች፤ ገንቦው ተሰነጠቀ። አንድ ማለዳ ጫጩቷ ጠፋች። ሌላ ማለዳ ድመቷ ጠፋች፤ ከገጠመው ቅጠል ጠርዝ ጭራ ተንጠልጥሏል። ማንጠግቦሽ ገበያዋ እንዳይሸሽ ብላ አይታ እንዳላየች ሆነች።

በሦስተኛው ማለዳ ስንዱ ጠጅ መጣሉን ልታግዛት መጣች። እህትማማቾቹ ጓዳ ሳሉ፣ ብቻውን የተኛው የማንጠግቦሽ ሕፃን ሲስቅ ሰሙ። ማን አሳቀው? ሮጠው ወጡ።

ቅጠሏ ሕፃኑ ላይ ጎንበስ ብላለች። ከመዳፏ ማር የመሰለ ይንጠባጠባል፤ ሕፃኑ ይልሳል። ታጎርሰዋለች። አንድ። ሁለት። ከዚያ መዳፎቿን በሰፊው ከፈተች።

ማንጠግቦሽ ልጇን ገፍታ አወጣችው፤ ቀኝ ክንዷ ግን ገባ። መዳፎቹ ገጠሙ። ጎተተች፤ ጠበቀባት። ጮኸች፣ ጎተተች፤ ይበልጥ ጠበቀባት። ክንዷን ይለበልባት ጀመር።

«አትታገዪ!» አለች ስንዱ። «ያልተነቃነቀ ነገር ትተፋለች፤ አላየሽም? ሙቺላት!»

«ልጄ እያለቀሰ?»

«ያልቅስ! ሙቺ አልኩሽ!»

ማንጠግቦሽ ትንፋሿን ዋጠች። ሕፃኑ አለቀሰ፤ ዘወር አላለችም። ዝንብ መጥቶ ጉንጯ ላይ አረፈ፤ እሽ አላለችውም። ቅጠሏ ቆየች፤ ቆየች፤ በድን መስሏት ክንዷን ተፋችው።

ስንዱ ትኩስ አመድ በእንጀራ ጠቀለለች። «እንኪ፤ ይህ ደግሞ ከእኔ ነው» አለች። ነቅነቅ አድርጋ አጎረሰቻት። ቅጠሏ ገጠመች። እስከ ሥሯ ጠቆረች።

የማንጠግቦሽ ክንድ ዳነ። ግን ገበታ ሲቀርብ፣ የቀኝ እጇ ጣቶች ሳታዛቸው ቀስ ብለው ይገጥማሉ ይባላል። ድምፅ የለም።

ለዚህ ነው አበው «የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ» የሚሉት።

ተረቴ አለቀ። ዳቦውን ቁረሱልኝ፤ መጉረሱን ግን በገዛ እጄ እጎርሳለሁ።