ሞልታ የተመለሰችው ዳማ

ጆሮ ያለው ቀረብ ይበል፤ የሌለው ከጎረቤቱ ይዋስ። ተረቱ አጭር ነው፤ መንገዱ ግን ረጅም።

በድሮ ዘመን፣ እንስሳት ሽማግሌ ልከው በሚጋቡበት፣ መኪናም ነዳጅ ትታ መብረቅ በምትጠጣበት ዘመን፣ ዳማ የምትባል የኤሌክትሪክ መኪና ነበረች አሉ። «ድሮ የኤሌክትሪክ መኪና ከየት መጣች?» የሚል ካለ ዝም ይበል፤ ተረት ላይ ጥያቄ አያምርም።

ዳማ ቀይ ናት፣ ቆንጆ ናት፣ አፏ ግን አያርፍም።

«እንደኔ ሰፊ ጉሮሮ ያለው ማን አለ? ሌላው ሲልስ እኔ እጨልጣለሁ! ቻርጀር ላይ ስሰካ፣ ተሳፋሪ ጫማውን አስሮ ሳይጨርስ ግማሽ እሞላለሁ» ትላለች።

እውነቷን ነው። ጉረኛ ሁልጊዜ አይዋሽም፤ ችግሩም እሱ ነው።

አንድ ቀን በማለዳ ድኩላ እያለከለከ መጣ።

«ዳማዬ፣ ጉድ ሆኛለሁ። ቆላ ያለችውን የሚዳቋን ልጅ እወዳታለሁ፤ እሷም ትወደኛለች። ነገር ግን ከርከሮም ዛሬ ሽማግሌ ሊልክባት ነው። አባቷ ደግሞ ‹ዛሬ ቀድሞ ደጄን ለረገጠ ሽማግሌ ልጄን እሰጣለሁ› ብለዋል። እባክሽ ሽማግሌዎቼን ቶሎ አድርሺልኝ።»

«የከርከሮን ሽማግሌዎች ማን ሊወስድ ነው?»

«ቡላ።»

ዳማ ከት ብላ ሳቀች። ቡላ አሮጌ መኪና ነው፣ ቀለሙ የለቀቀ፣ ጉሮሮው ጠባብ። «ቡላ ከሆነማ ድግስህን ደግስ!» አለችው። ድኩላም አምኗት ያኑ ዕለት ጌሾ መውቀጥ ጀመረ።

ሽማግሌዎቹ ተሳፈሩ፤ አባ ኤሊ፣ አባ በግ፣ ነጭ ጋቢ የደረቡ የሚመስሉት አባ ጉሬዛም። ዳማ ተፈተለከች፤ ቡላ ከኋላ ቀረ።

በመንገዱ ላይ ሦስት የቻርጅ ምሰሶዎች ቆመዋል። ሦስቱም ወንድማማቾች፣ ሦስቱም ደጎች፤ እንግዳ ሳያጠግቡ መሸኘት አይሆንላቸውም። ዳማ ከመጀመሪያው ዘንድ ቆማ ተሰካች። መብረቁ ዥው አለ፤ ሽማግሌዎቹ እግራቸውን ሳያፍታቱ ሰማንያ በመቶ ደረሰች። ከዚያ በኋላ ግን ጠብ... ጠብ... ሆነ። የባትሪ ነገር እንዲህ ነው፤ ሆድ እየሞላ ሲሄድ ጉሮሮ ይጠባል።

«ዳማ፣ የሚያደርሰንን ይዘሻል፤ እንሂድ» አሉ አባ ጉሬዛ።

ዳማ ልትነሳ ስትል ምሰሶው ገመዱን ያዝ አደረገ። «በሞቴ! ከቤቴ ሳትሞዪ ልትወጪ? ምነው፣ ናቅሽኝ?»

ዳማ በሞቴ ሲሏት እምቢ ማለት አታውቅም። ደግሞስ ያ ሁሉ የተወራለት ጉሮሮ ሳይሞላ ሄደ ቢባል? ቆየች። ጠብ... ጠብ...

ይህን ጊዜ ቡላ እየተንገዳገደ ደረሰ። ባዶ ሆዱን ነበርና በጠባብ ጉሮሮው እየተንደቀደቀ ጠጣ። ግማሽ ሲሆን ተነሳ። ምሰሶው «በሞቴ!» ቢለው፣ «አንተ ኑርልኝ ወንድሜ፤ ወደፊትም ቤት አለ» ብሎ ሄደ።

«ባለጌ!» አለች ዳማ። «ማዕድ ላይ እንዲህ ይነሳል?»

ሞልታ ስትነሳ በረረች፤ ቡላ ላይም ደርሳ አለፈችው። «ደህና ዋል፣ ሽማግሌው!» አለችው። ሁለተኛው ምሰሶ ዘንድ ስትደርስ ሆዷ ገና አልጎደለም ነበር። ምሰሶው ግን «በሞቴ፣ ወንድሜ ቤት ሞልተሽ እኔን በደረቁ ልታልፊኝ?» አላት። ተሰካች። ያ ሰፊ ጉሮሮ ምን ይሥራ? ገና ከመሰካቷ ጠብ... ጠብ...

«ልጄ» አሉ አባ ኤሊ፣ «እኔ ኤሊ ሆኜ ቸኮልኩ።»

ዳማ አፈረች፤ ግን አልተነሳችም። ቡላም መጣ፣ ጠጣ፣ አመሰገነ፣ ሄደ።

ዳማ ሞልታ ስትነሳ ዳግመኛ አለፈችው። ሦስተኛው ምሰሶ ጋ ስትደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። በሕይወታቸው ተቆጥተው የማያውቁት አባ በግ እንኳ «ኧረ እለፊው!» ብለው ጮኹ። ድኩላ የሚወቅጠው ጌሾ ትዝ አላትና ልቧ ፈራ። ምሰሶው ግን ሊያለቅስ ደረሰ። «ለሁለቱ ወንድሞቼ እሺ ብለሽ ለኔ እምቢ? ምን በደልኩሽ? በሞቴ!»

ለሁለቱ እሺ ብላ ለሦስተኛው እምቢ ማለት ጨነቃት። ቆመች። ጠብ... ጠብ... ቡላ በዓይኗ ፊት ጥቂት ቀምሶ ቁልቁል ወረደ። አሁን ግን የቀረው መንገድ አጭር ነበር።

ዳማ ሚዳቋ ደጅ ስትደርስ ቡላ በሩ ላይ ቆሟል። የከርከሮ ሽማግሌዎች ውስጥ ገብተው እየመረቁ ነው። ልጅቱ ከጓሮ ሆና ታለቅሳለች። አባቷ ወጥተው እጅ ነሱ።

«ልጄን ሰጥቻለሁ፤ ቃሌ አንድ ነው። ግን እንግዳ ናችሁና ግቡ፣ ብሉ፣ ጠጡ። መኪናችሁም ትሙላ። በሞቴ!»

ዳማ ለመጀመሪያ ጊዜ መጠጣት አስጠላት። ቢሆንም ሞላች።

ስትመለስ ሦስቱም ምሰሶዎች ተራ በተራ «በሞቴ!» እያሉ ተጣሩ፤ ቀና ብላ አላየቻቸውም። ነገሩ ካለፈ በኋላ እምቢ ማለት ለማንም ይቀላል።

ድኩላ ደጁ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ቤቱ ጌሾ ጌሾ ይሸታል። ሽማግሌዎቹ አቀርቅረው ወረዱ። ድኩላም የዳማን ባትሪ አየት አደረገና፣

«ጥሩ ሞልተሽ መጣሽ» አላት። «የኔ ቤት ነው እንጂ ባዶ የቀረው።»

ዳማ ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ጉሮሮዋ አውርታ አታውቅም ይባላል።

ለመንገደኛ ልኩ የሚያጠግበው ሳይሆን የሚያደርሰው ነው። እኔም ተረቴን እዚህ ላይ ነቀልኩት፤ «በሞቴ» ብትሉኝም አልጨምርም።