ለለቅሶ የወጣው ሳሙና

አንድ ሰው ነበረ፤ ደገፉ ይባላል። ቅዳሴ የማያስታጉል፣ የታመመ የሚጠይቅ፣ እንደ እኔና እንደ እናንተ ያለ ሰው ነው። ክፉ ነበረ ወይ? አልነበረም። እኔን የሚያናድደኝም ይኸው ነው!

ከግቢው ጓሮ አንዲት ክፍል ለብርቄ አከራይቷል። ብርቄ ልብስ አጥባ የምታድር ሴት ናት፤ ከእህቷ ከሽታዬ ጋር ትኖራለች። ቧንቧው የጋራ ነው፤ መጸዳጃ ቤቱም የጋራ ነው።

ኮሌራ ከተማው ገባ ተባለ። ደገፉ ወሬውን እንደሰማ ከሱቅ ሱቅ ዞረ። ሳሙናውን ጠራርጎ ገዛ፤ በረኪናውንም እንደዚያው። ከመድኃኒት ቤት ደግሞ ያን ተቅማጥ የያዘው ሰው በውሃ በጥብጦ የሚጠጣውን ዱቄት በካርቶን አነሣ። ሁሉንም በባጃጅ አስጭኖ መኝታ ቤቱን ሞላው።

ሚስቱ አስናቀች፣ "ይሄ ሁሉ ለማን ነው?" አለችው።

"ለእኛ ነዋ! ሲብስ በራችንን ዘግተን እንቀመጣለን።"

የቀበሌዋ ጤና ሠራተኛ ወደ ግቢው መጣች። "መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ውሃና ሳሙና ይቀመጥ። ሱቆቹ ባዶ ሆነዋል፤ ያለው ሰው እባካችሁ ለጎረቤቱ ያካፍል" አለች።

ደገፉ ምን አለ? "እውነትሽን ነው ልጄ፤ እግዜር ይስጥሽ" አለ። መረቃትና ቤቱ ገባ። ሳሙናውስ? ሳሙናው መኝታ ቤት!

ብዙም ሳይቆይ ሽታዬ በሩን ደበደበች። "ጋሽ ደገፉ! ብርቄን ተቅማጥና ትውከት ይዟታል። ዱቄቱ የትም ጠፋ። እርስዎ ጋ ትንሽ አይኖርም?"

"የለም የኔ ልጅ። ቶሎ ሐኪም ቤት ውሰጃት።"

የለም! አልጋው ሥር ተደርድሮ እያለ የለም! ኧረ እንደው እኛ ሰዎች ምን ይሻለናል?

ሽታዬ ባጃጅ እስክታገኝ፣ ለኮሌራ ከተተከለው የሕክምና ድንኳን እስኪደርሱ ብርቄ ሰውነቷ ደርቆ ነበር። ሐኪሙ፣ "ምነው መንገድ ላይ እንኳ የምትጠጣው ብትሰጧት ኖሮ" አለ። ብርቄ አልተረፈችም።

የደገፉ የተዘጋ በርስ ምን ጠቀመ? ብርቄ በተቀበረች ማግስት የገዛ ልጁ ታመመች። ከየት መጣባት? ከዚያው ሳሙና ከሌለበት የጋራ መጸዳጃ ቤት ነዋ! ዱቄቱን እየበጠበጡ እያጠጧት ወሰዷት፤ ዳነች። አስናቀች ልጇን አቅፋ፣ "ለብርቄ የለም ብለህ ነበር፤ አይደል?" አለችው።

ከሐኪም ቤት ሲመለሱ ደገፉ ካርቶኖቹን አወጣ። በብርቄ ለቅሶ ድንኳን በር ላይ ውሃና ሳሙና አስቀመጠ። ለቀስተኛው ሁሉ እየታጠበ ገባ። ሽታዬ ካርቶኑን አየች፣ እሱን አየችው።

"ጋሽ ደገፉ፣ ነበረ እንዴ?"



ወገኖቼ፣ እስኪ ልጠይቃችሁ። ጎረቤቱ እጁን ሳይታጠብ እሱ ብቻውን ንጹሕ መሆን የሚችል ሰው ከመካከላችሁ አለ? አጥር ዘሎ የማይገባ ኮሌራ ያየ አለ? ታዲያ ስንት ጊዜ ነው የምንነግራችሁ? ጤና ሠራተኛዋ ስትለፈልፍ "እውነት ነው" ትላላችሁ፤ እኔ ስናገር "አሜን" ትላላችሁ፤ ከዚያ ቤታችሁ ገብታችሁ በሩን ትዘጋላችሁ! አሜናችሁን ምን ላድርገው? አሜን እጅ አያጥብም!

"አታስቀምጡ ነው የሚሉን?" ትሉኝ ይሆናል። አስቀምጡ፤ ለልጆቻችሁ የሚበቃውን ማን ከለከላችሁ? ግን በር ተንኳኩቶ ስትጠየቁ፣ እያላችሁ "የለም" አትበሉ።

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ አንዷን ሳሙና የጋራው ቧንቧ ጋ አድርጉ። ለቅሶ ቤት ይዛችሁ የምትሄዱትን፣ እባካችሁ፣ ሰውየው በሕይወት እያለ ውሰዱለት።