የዶክተር መንክር ቦይ

ዶክተር መንክር የውሃ አቅርቦትና የፍሳሽ መስመር ንድፍ የሚያስተምሩ መምህር ነበሩ። ተማሪው ሁሉ ብድግ ብሎ ካልተቀበላቸው ትምህርት አይጀምሩም። የተማሪዎቹን ማደሪያ የጎርፍ መውረጃ ቦይ የነደፉትም እሳቸው ነበሩ። በመጀመሪያው ክረምት ግን ጎርፉ ቦዩን ትቶ ማደሪያው ውስጥ ገባና የተማሪዎቹን ፍራሽ አራሰው።

ቦዩን የቆፈረው የግቢው ቧንቧ ሠራተኛ ነበር። ገና ሲቆፍር "ይሄ እኮ ዳገት ነው" ብሎ ቢናገር የሰማው አልነበረም። አሁን ተማሪዎቹ ምን ሆኖ ነው ብለው ሲጠይቁት ይህንኑ ነገራቸው። ወሬው ውሎ ሳያድር ዶክተሩ ጆሮ ደረሰ።

በማግስቱ ዶክተሩ ሠራተኛውን ክፍል ድረስ አስጠሩት። ንድፉን ሰሌዳው ላይ ሰቅለው ሰባ ተማሪ ፊት አቆሙት።

"ፊደል አልቆጠርክም አሉ፤ እውነት ነው?"

"እውነት ነው፣ ጌታዬ።"

"እንግዲያው የዚህ ንድፍ ስህተት የቱ ጋ እንደሆነ አሳየኝ። ካልቻልክ ቦዩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ ብለህ በጣትህ ትፈርማለህ፤ ከሥራም ትሰናበታለህ።"

ሠራተኛው የአራት ልጆች አባት ነው። ወረቀቱን ትክ ብሎ አየው። መስመሩም ቁጥሩም ከማማሩ በቀር የገባው ነገር የለም።

"ንድፉስ ምንም አይወጣለትም፣ ጌታዬ" አለ በመጨረሻ።

ዶክተሩ ፈገግ ብለው ወደ ተማሪዎቹ ዞሩ።

"ጥፋቱ የውሃው ነው" ሲል ቀጠለ ሠራተኛው። "እሱም እንደኔው ፊደል ስላልቆጠረ፣ ሽቅብ ውጣ ብለው የጻፉለትን ማንበብ አቅቶት ቁልቁል ወረደ።"