ክንዱ የማይታጠፈው ጀግና

አንድ እንጨት ጠራቢ ነበር፤ ይመኑ ይባላል። የሚጠርበው የልጆች መጫወቻ ነው፤ መጫወቻውም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ጋሻና ጎራዴ የያዘ፣ ጎፈር የደፋ፣ ዓይኑን ያፈጠጠ ጀግና። አንዱን ጀግና ለመጨረስ አራት ቀን ይፈጅበታል። ቅንድቡን ሲያወጣ ብቻ ትንፋሹን ውጦ ግማሽ ቀን ይውላል። ሚስቱ አስካለ ደግሞ ከሥራ ቤቱ ፊት ባለችው ሱቅ ተቀምጣ ትሸጥለታለች።

ከጀግኖቹ የሚተርፈው ቁርጥራጭ ለማገዶ ነበር የሚውለው። አንድ ክረምት አስካለ ያ ሁሉ ደህና የዋንዛ እንጨት ሲነድ አንጀቷ አልችል አለና ቁርጥራጩን እኩል እኩል አድርጋ ቆረጠችው። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰችው፤ ከእያንዳንዱ አናት ላይ ትንሽ ጉጥ፣ ከሥሩ ደግሞ ጉጡን የሚውጥ ቀዳዳ አወጣችለት። እርስ በርሱ የሚገጣጠም የእንጨት ጡብ ሆነ። በቅርጫት ሞልታ ከሱቁ ጥግ አኖረችው።

«ደግሞ ማገዶ መሸጥ ጀመርሽ?» አላት ይመኑ እየሳቀ።

«አንተ ጀግኖችህን ጠብቅ» አለችው።

ሳቁ ብዙ አልቆየም። ቅርጫቱ ሞልቶ አያድርም፤ ጀግኖቹ ግን መደርደሪያቸው ላይ እንደተሰለፉ አቧራ ለበሱ። ወላጆች ይገባሉ፤ ቀና ብለው ጀግኖቹን ያዩና «ወይ እጅ!» ብለው ያደንቃሉ፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው ከቅርጫቱ ይገዛሉ። ይመኑን ያንገበገበው ይኸው አድናቆት ነበር። ቢያጣጥሉበትማ ተጣልቷቸው ይወጣለት ነበር።

«አንድ የመጨረሻ ጀግና እሠራለሁ» አላት አንድ ቀን። «እሱንም ልጅ ካልወደደው መሮዬን ለሚፈልግ ሰጥቼ ቁጭ እላለሁ።»

የአስካለ ልማድ ማሾፍ ነው፤ ያን ቀን ግን ደህናውን የዋንዛ ግንድ መርጣ አቀበለችው። አለማሾፏ ይመኑን ይበልጥ አስፈራው።

የመጨረሻው ጀግና አንድ ወር ፈጀ። ጎራዴውን ወደፊት የዘረጋ፣ የክንዱ ጅማት ሳይቀር የሚታይ ነበር። አንድ አባት መጥቶ ለስድስት ዓመት ሴት ልጁ ገዛው፤ ይመኑም ያን ቀን እያፏጨ ዋለ።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ያው አባት ተመልሶ መጣ። የመጣው ግን ቤት ባለው ጡብ ላይ ከቅርጫቱ ሊጨምር ነው።

«ጀግናውስ?» አለው ይመኑ።

ሰውየው አፈረ። «እውነቱን ልንገርዎት ጋሼ። የመጀመሪያውን ቀን በጎራዴው የቤቱን ትራስ ሁሉ ፈጀው። ማግስቱንም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ‹ሌላስ ምን ይችላል?› ብላ ጠየቀችኝ።»

ይመኑ መሮውን አነሣና በጨርቅ መጠቅለል ጀመረ።

«ኧረ ይቆዩ!» አለ ሰውየው ደንግጦ። «አልጣለችውም እኮ! ይምጡና በዓይንዎ ይዩት።»

አብረው ሄዱ። ሳሎኑ ወለል ላይ ከእንጨት ጡብ የተሠራ ቤት ቆሟል፤ በር አለው፣ መስኮት አለው፣ የፈረስ ጋጣም ተቀጥሎለታል። ከጣሪያው መሃል ጎራዴ የጨበጠ ክንድ ብቅ ብሏል።

«ጀግናዬ የታለ፣ የኔ እመቤት?» አላት ይመኑ ከጡቡ ቤት አጠገብ የተቀመጠችውን ልጅ።

ልጅቷ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። «ተኝቷል፤ ቀስ ብለው ያውሩ። ቀኑን ሙሉ ጎራዴውን ዘርግቶ ይቆማል፤ ማንም ቁጭ በል አይለውም። ደክሞት ነበር። ቤት ሠራሁለት። ክንዱ ግን አልታጠፍ ሲለኝ ጣሪያውን ቀደድኩለት።»

«ዝናብ ሲመጣስ?»

«ለሱ ነዋ አባዬን ጡብ ጨምርልኝ ያልኩት! ለክንዱ ለብቻው ትንሽዬ ቤት እሠራለታለሁ።»

ይመኑ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ሳቀ፤ እየሳቀ እንባው መጣ። ዕድሜውን ሙሉ ጀግና ሲጠርብ ‹ደክሟቸው ይሆን?› ብሎ አስቦ አያውቅም። ጎራዴውን እሱ አስይዞ፣ ቁጣውን እሱ ቀርጾ፣ ጠላቱንም እሱ መርጦ ሲያበቃ ለልጆቹ የተወላቸው ማየት ብቻ ነበር። አስካለ የሰጠቻቸው ግን ያላለቀ ነገር ነው፤ የሚጨርሱት እነሱ ናቸው።

ቤቱ ሲመለስ መሮውን ከጨርቁ ፈታ። አዲሱ ጀግና ክንዱ ይታጠፋል፣ ሲያስቀምጡት ይቀመጣል። እጁ ባዶ ነው፤ መዳፉ ላይ ግን አንዲት ቀዳዳ አለች።

«ጎራዴውን ረሳኸው እንዴ?» አለችው አስካለ።

«የሚይዘውን ልጆቹ ይምረጡለት» አላት። «ይልቅ ቀዳዳዋ ለጡብሽ ጉጥ ልክ መሆኗን ሞክሪልኝ።»

ሞከረችው። ልክ ነበረች።

ወዳጆቼ፣ ሱቅ ገብታችሁ ልጆች ባለ ጎራዴውን ጀግና አልፈው ወደ ጡቦቹ ሲሮጡ ብታዩ አትገረሙ። ሰው ያለቀለትን ነገር ያደንቃል፤ አብሮ የሚኖረው ግን የራሱ እጅ ከገባበት ነገር ጋር ነው። እኛም ለልጆቻችን፣ ለትዳር ጓደኞቻችን፣ ለተማሪዎቻችን ሁሉን ነገር ጨርሰን፣ ጎራዴውን አስይዘን ስንሰጣቸው ከፍቅር ነው። ፍቅርነቱን ማንም አይክደውም። ግን እስቲ ልጠይቃችሁ፦ ለምትወዱት ሰው በሰጣችሁት ነገር ላይ የእሱ ጡብ የሚገጥምበት አንዲት ቀዳዳ ትታችሁለታል?