ሚዳቋ ኳስ ያቆመ ሰሞን

ተረት ተረት፤ እንስሳት በየእሁዱ የጨርቅ ኳስ በሚራገጡበት ዘመን፣ የላይ ሰፈሩ አጥቂ አያ ሚዳቋ ጉልበቱ ከዳውና ጨዋታ አቆመ።

«እንደሱ ያለ አልተፈጠረም፣ አይፈጠርምም!» አለች ደጋፊው እሜቴ ጦጢት እያለቀሰች።

«ወዲያ! ጎል አፍ ላይ ተገትሮ ኳስ የሚጠብቅ እድለኛ ነበር፤ እንኳን ተገላገልነው!» አለ የታች ሰፈሩ ደጋፊ አህያ። ሚዳቋ ኳስ በነካ ቁጥር ሲሰድበው ነው ያረጀው።

በሳምንቱ ጦጢት እንባዋን ጠርጋ ለአዲሱ አጥቂ ለጥንቸል ስትጨፍር ዋለች። አህያ ግን ጨዋታው ሳያልቅ ወጥቶ ሚዳቋ ደጅ ሄደ።

«ምን እግር ጣለህ?» አለው ሚዳቋ።

«ጥንቸልን ልሰድበው ብል አፌ አልታዘዝ አለኝ» አለ አህያ ጆሮውን ጥሎ። «እባክህ አያ ሚዳቋ፣ እዚሁ ደጅህ ላይ አንዴ ሩጥልኝና ልስደብህ።»

ሚዳቋም እያነከሰ ሮጠለት።