ዘገየ ጉጠት አማረው

ተረቴን ላውራ? አውሪው በሉኝ። ባትሉኝም አወራዋለሁ፤ እንዲህ ያለውን ነገር ይዤ ካደርኩ ሆዴ ይነፋል።

ዘገየ የሚባል ሰው ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት የጭነት መኪና ነዳና ጡረታ ወጣ። በወጣ ማግስት በርጩማውን ደጅ አውጥቶ ተቀመጠ፤ እሱ መንዳቱ ሲቀር ሌላው ሲነዳ ሊያይ። ስምንት ወር ሙሉ እንደዚያው። ሚስቱ የሻረግ ብዙ ነገር የቻለች ሴት ናት፤ ያንን በርጩማ ግን ጠላችው። ሰውየው ዓይኗ እያየ እንደ ቆመ መኪና ዛገባት።

አንድ ጠዋት ተነሣ። ከጓሮ የወደቀውን የመኪና ቸርኬ አነሣና ውስጡን በጭቃና በአመድ ለስኖ ምድጃ አደረገው። ከየት እንዳመጣው እሱ ያውቃል፣ የባቡር ሐዲድ ቁራጭ ከባሕር ዛፍ ጉቶ ላይ ቸነከረና ብረት የምቀጠቅጥበት መስፍ ነው አለ። መዶሻውን በወይራ እጀታ አበጀው። ሊሸጥ አይደለም፣ ሊተዳደርበት አይደለም፤ አማረው፣ አለቀ።

«ልጅ ሆኜ ከቀጥቃጭ ደጅ አልጠፋም ነበር» አላት የሻረግን። «አባቴ ነው በአለንጋ ያስተወኝ።»

«ታዲያ አሁን አባትህ የሉም፤ ቀጥቅጥ!» አለችው። ሰውየው ሲያፏጭ ሰማች። ስምንት ወር ያልሰማችው ፉጨት!

ይህን ጊዜ ማዶ ያለችው ባለ ውሃ ጉድጓዷ ወይዘሮ አልጣሽ በአጥር ላይ አንገቷን አወጣች። «ሰማችሁ? ሾፌሩ ቀጥቃጭ ሆነ! ልጆቻችሁን ሸፍኑ፤ የቀጥቃጭ ዓይን ይበላል።»

ይበላል! ጎመን የምትከትፍበትን ቢላዋ ማን ሠራላት? የበሯን ማጠፊያ መልአክ ይዞላት ወረደ? የሻረግ ሰምታ ጥርሷን ነከሰች። ለጊዜው ነከሰች።

ዘገየ የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጉጠት። የጋለ ብረት በእጅ አይያዝ! ከገበያ ግዛ ቢሉት፣ «የራሴን መሣሪያ ራሴ ነው የምሠራው» አለ። አውራ ጣት የሚያክል ፌሮ አነሣና ሊያጥፈው ታገለ። ፌሮው ያለ ፍም አልታጠፍም አለ።

ከሰል ከምሮ ለኮሰ። ከሰሉ ጠቆር ቀላ፣ ቀላ ጠቆር እያለ ተኛ። ፌሮው ያለ ፍም አልታጠፍም አለ፤ ፍሙ ያለ ንፋስ አልግልም አለ።

በሰፌድ አራገበ፤ አመዱ ፂሙ ላይ ሰፈረ እንጂ ከሰሉ ምንም። ወናፍ ያስፈልጋል፤ ወናፍ ደግሞ ከፍየል ቆዳ ነው የሚሰፋው። ፌሮው ያለ ፍም አልታጠፍም አለ፤ ፍሙ ያለ ንፋስ አልግልም አለ፤ ንፋሱ ያለ ወናፍ አልነፍስም አለ፤ ወናፉ ያለ ቆዳ አልሰፋም አለ።

የዘገየ ጉልበት እሾህ አለበት፤ መንገድ አይወድም። የሻረግ ነጠላዋን አጣፋችና ቆዳ ፋቂው አያ ቢተው ዘንድ ወረደች።

«ቆዳስ አለኝ፣ እትዬ የሻረግ» አላት አያ ቢተው። «በስልቻ የተገፈፈ ነው፣ ሆዱ አልተሰነጠቀም፤ ለወናፍ የሚሆነው እሱ ነው። ውሰጂው።» ከግድግዳው አውርዶ በጣቱ ቢያንኳኳው እንደ ሳንቃ ጮኸ። «ግን ሁለት ቀን ውሃ ውስጥ መተኛት አለበት። በደረቁ ከሰፋሽው ይሰነጠቃል፤ ኋላ ቢተው አታለለኝ እንዳትዪ።»

ውሃ! ቧንቧው ከተዘጋ አሥራ አንድ ቀኑ ነው፤ የቀረው የአልጣሽ ጉድጓድ ብቻ ነው። ለቡና የሚሆን ውሃ ያጣ ሰፈር ለፍየል ቆዳ ማን ይሰጣል? የሻረግ ቆዳውን እንደ ጋሻ ተሸክማ ዳገቱን እየወጣች ለራሷ ትቆጥራለች። ፌሮው ያለ ፍም አልታጠፍም አለ፤ ፍሙ ያለ ንፋስ አልግልም አለ፤ ንፋሱ ያለ ወናፍ አልነፍስም አለ፤ ወናፉ ያለ ቆዳ አልሰፋም አለ፤ ቆዳው ያለ ውሃ አልለሰልስም አለ። «ቆይ፣ ቆይ» አለች፣ «ቆዳም እኔን እምቢ አለ?»

የአልጣሽ ጉድጓድ ዘንድ ደረሰች። ሴቱ ሁሉ ባዶ ጄሪካን ደርድሮ አገጩን ደግፎ ቆሟል። ለካ የአልጣሽ የብረት ባልዲ ሲወርድ ጉድጓዱ ወገብ ላይ ተጋድሞ ተወትፏል። እጀታው ተነቅሎ ገመዱ ባዶውን ወጥቷል። ባልዲው ካልተነሣ ከሥሩ ጠብታ አይቀዳም። በሽቦ ሞከሩ፤ ሽቦው ተዘረጋ። ጠንካራ መንጠቆ ይፈልጋል።

አልጣሽ የሻረግን ስታይ ወገቧን ያዘች። «መጣሽ? ባልሽ ትናንት በዚህ ሲያልፍ ባልዲዬን አየው። አየው፣ ወደቀ!»

«ባልዲሽን አየው? ባሌ ሠላሳ አንድ ዓመት ስንቱን ድልድይ ሲያይ ኖሯል፤ የቱ ወደቀ?»

ሴቶቹ ሳቁ። አልጣሽ ግን፣ «ባልዲዬ ቢወጣም ለቀጥቃጭ ቤት ውሃ የለኝም!» ብላ ፊቷን አዞረች።

እዚህ ላይ ነው የየሻረግ ደም የፈላው። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማ ለሴቱ ሁሉ ጮኸች። «ስሙኝ! ፌሮው ያለ ፍም አልታጠፍም አለ፤ ፍሙ ያለ ንፋስ አልግልም አለ፤ ንፋሱ ያለ ወናፍ አልነፍስም አለ፤ ወናፉ ያለ ቆዳ አልሰፋም አለ፤ ቆዳው ያለ ውሃ አልለሰልስም አለ፤ ውሃው ያለ ባልዲ አልቀዳም አለ፤ ባልዲው ያለ መንጠቆ አልነቀልም አለ። መንጠቆውስ? መንጠቆው ፌሮ ነው! ፌሮው ያለ ፍም አልታጠፍም አለ! ዞሮ ዞሮ ባሌ ደጅ ነው! ሰፈሩ ሁሉ የተጠማው አንድ ሰው ትንሽ ንፋስ ስላጣ ነው፤ እናንተ ዓይኑን ትፈራላችሁ!»

የሻረግ ቆዳዋን አፈፍ አድርጋ ቤቷ ገባች።

ገብታ ምን ብታይ ጥሩ ነው? ዘገየ ከሰሉን ወደ ማዳበሪያው እየመለሰ ነው። መዶሻው፣ ፌሮው፣ ሐዲዱ ሳይቀር ከጉቶው ተነቅሎ በር ላይ ተቆልሏል። በርጩማው ቦታው ተመልሷል።

«ነገ ቆራሌው ሲያልፍ ጥሪው» አላት ሳያያት። «ሁሉንም ይውሰደው። ሰው የሚለውን ሰምቻለሁ። በስተርጅና መሳቂያ አልሆንም።»

የሻረግ ሰውን ብትሰድብ ሰው ብዙ ነው፤ እሱን እንዳትሰድበው አሳዘናት። ለቀሩት ጥቂት ከሰሎች ጎንበስ ብላ ያንን ሁሉ ንዴት በአንድ ትንፋሽ «እፍፍ!» አለችው።

ከሰሉ ቦግ አለ።

ባልና ሚስት ተያዩ።

«ድገሚው እስቲ» አለ ዘገየ፣ ማዳበሪያውን ጥሎ።

«እፍፍፍ!»

«የሻዬ፣ ማንን እያሰብሽ ነው?»

«ማንን ይመስልሃል!»

ዘገየ ከሰሉን መልሶ ደፋው፣ ሐዲዱን መልሶ ቸነከረው፣ የቧንቧ ቁራጭም ሰጣት። በቧንቧው ነፋች፣ ነፋች፣ ዓይኗ ጥቁር ማየት ጀመረ። አንድ ሳንባ አይበቃም። አጥሩ ላይ ወጥታ ተጣራች። «ማሚቱ! ትርፌ! የተናደደ ሁሉ ይምጣ!»

እንዲህ ተብሎ የሚቀር ሴት አለ? ማሚቱ ጄሪካኗን እንደያዘች መጣች፤ ተከራይ ናት። «ይኼ ለአከራዬ!» ብላ ነፋች። ትርፌ ቧንቧውን ተቀበለች። «ይኼ ለአማቴ፤ ስድስት ዓመት ‹ወጥሽ ቀጠነ› ላለችኝ!» ያኔማ ፍሙ እንደ ብርቱካን ሆነ። ሌሎቹም መጡ፣ ቧንቧ ተጨመረ፣ ሦስት ሦስት እየሆኑ ተንበረከኩ። አንዷ ለተዘጋው የውሃ ቧንቧ፣ አንዷ ለባሏ፣ አንዷ ለማን እንደሆነ አልናገርም ብላ ነፋች። ፌሮው ጫፉ ቀላ እንጂ ወገቡ ገና ነው።

በመጨረሻ አልጣሽ ብቅ አለች። «በኔ ባልዲ ስም ምን ትጠነቁላላችሁ?»

«እትዬ አልጣሽ፣ ባልዲው የርስዎ አይደል?» አለች ማሚቱ። «ጎንበስ ብለው እፍ ይበሉ እንጂ።»

«እኔ? ለቀጥቃጭ እሳት?»

«ፊትዎን ከታጠቡ ስንት ቀንዎ ነው?» አለች ትርፌ ከወዲያ።

አልጣሽ ከተቆጣች እኮ ሌላ ናት። ቧንቧውን ቀምታ ተንበረከከችና ለትርፌ፣ ለማሚቱ፣ ለየሻረግ፣ ለሁላችንም በአንድ ላይ ነፋችው። ሃያ ዓመት ሰፈሩን ያናወጠ ትንፋሽ ነው! ፍሙ ነጣ። ፌሮው እስከ ወገቡ እንደ ፀሐይ በራ። ዘገየ ቀዝቃዛውን ጫፍ በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞ ሐዲዱ ላይ አጋደመው፣ ቀጠቀጠው፣ አጠፈው፣ አሾለው። እውነት ለመናገር ጠማማ ነበር። ጠማማ መሆኑ ነው ደግሞ የበጀው።

መንጠቆው በገመድ ወረደ፣ ነከሰ። ሴቱ ሁሉ ሳበ። «ግርር» ብሎ ባልዲው ወጣ፤ ጎኑን የግድግዳ ድንጋይ እንደ ቢላዋ ሰንጥቆታል። ያንን ድንጋይ አምና ክረምት ‹አንሽው፣ ወደ ውስጥ ገፍቷል› ብንላት፣ ‹ጉድጓዴን አትዩብኝ› ያለችን ማን ነበረች? የዘገየ ዓይን ነዋ! ሴቶቹ ስንጥቁን አዩ፣ አልጣሽን አዩ። አልጣሽ ሰማይ አየች። ውሃ የለኝም ያለችውም ቃል እዚያው ቀረ፤ በማሚቱ ባልዲ ቀድታ የመጀመሪያዋን ጄሪካን የሞላችው የሻረግ ናት።

እንግዲህ አፌ ሳይደክም ልመልሰው። መንጠቆው ባልዲውን ነቀለ፤ ባልዲው ውሃውን ለቀቀ፤ ውሃው ቆዳውን አለሰለሰ፤ ቆዳው ወናፍ ሆኖ ተሰፋ፤ ወናፉ ንፋሱን ነፋ፤ ንፋሱ ፍሙን አጋለ፤ ፍሙ የተረፈውን ፌሮ አጠፈ፤ ፌሮውም ጉጠት ሆነ። ዘገየ ጉጠቷን ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ አደረጋት፤ አዲስ መኪና እንደተረከበ ሰው።

በማግስቱ በሩ ተንኳኳ። አልጣሽ ናት፤ የተሰነጠቀ ባልዲና የተነቀለ እጀታ ይዛለች። «ጋሽ ዘገየ፣ እንደምን አደሩ? ይኼን ቢያበጁልኝ ብዬ ነበር።»

ጋሽ! አደሩ! ቢያበጁልኝ! የሻረግ ከጓዳ ወጥታ በሩን ልትዘጋባት ስትል ዘገየ ባልዲውን ተቀበለ። «ይተዉት፣ ለከሰዓት ይደርሳል» አላት ለአልጣሽ።

«አንተ ሰው አይደለህም!» አለች የሻረግ፣ አልጣሽ ዞር እንዳለች። «ቡዳ ብላህ፣ ባልዲ በላ ብላህ፣ የመጀመሪያ ሥራህን ለሷ?» ጉንጯ ተነፋ፣ አፍንጫዋ ተንቀጠቀጠ።

ዘገየ እጀታውን በጉጠቷ ይዞ ፍሙ ውስጥ ከተተው። ወናፉን በእግሩ ገፋ አድርጎ፣ «እሱ ይረፍ» አለ። «የሻዬ፣ እንዲህ ከተናደድሽስ ወደዚህ ጎንበስ በዪ።»

ተረቴ ይኸው። ለአልጣሽ እንደምትነግሩብኝ አውቃለሁ፤ ንገሯት፣ አንዲት ቃል ግን እንዳትጎድል።