ሙልሙሉና የቁልቁለቱ ድንጋይ

ተረት ተረት። የላም በረት አትበሉኝ፤ በዚህ ተረት ውስጥ ላምም የለ፣ በረትም የለ። ያለው አንድ ቁልቁለት፣ አንድ ወንድምና አንዲት እህት ነው።

ከቁልቁለቱ ግርጌ ልሳነወርቅ የሚባል ሰው ይኖር ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሕግ የተማረ፣ ሲናገር የሚደመጥ፣ ሹመት ሲታደል ግን የሚረሳ ሰው። ከቁልቁለቱ ራስ ላይ ታላቅ እህቱ እታፈራሁ ትኖራለች። ከእሷ ደጅ እስከ እሱ ደጅ አባታቸው በገዛ እጁ ያነጠፈው የድንጋይ መንገድ ይወርዳል።

ልሳነወርቅ በዚያ ክረምት የፈለገው አንዲት ትንሽ ነገር ነው፤ እህቱ ለቡሄ ሙልሙል ይዛለት እንድትወርድ። ትኩስ ሙልሙል፣ ልጆች ሳሉ "ይሄ የልሳኑ ነው" ብላ በአውራ ጣቷ መሐሉን እንደምትጫነው ያለ። ብዙ ዓመት "ለሚመጣው ቡሄ" እያለ ኖሯል። ዘንድሮ ግን የሚመጣ ቡሄ የለም። ከሐዋሳ ልጇ መጥታ እታፈራሁን ጠቅልላ ልትወስዳት ነው።

በቡሄ ዕለት፣ የልጆች ጅራፍ ከየሜዳው ሲጮህ፣ እታፈራሁ ከላይ ብቅ አለች። እጇ በነጠላዋ ውስጥ ነው።

"ልሳኑ፣ አለህ?"

"የት እሄዳለሁ?"

"ሙልሙልህ ደርሷል። ና ውጣና ውሰድ።"

"ሙልሙል ያደርሱታል እንጂ ና ውሰድ ይሉታል እንዴ? ውረጂ።"

"ልወርድ ነበር፤ ድንጋዩ አላስወርድ አለኝ።"

እንዲህ ብላ አንድ እግሯን ሰደደች። እግሯ ሸተት ሲል አጥሩን ጨበጠች። ቆማ ትንፋሿን ሰበሰበችና ተመለሰች።

ልሳነወርቅ ተቆጣ። ወደ ድንጋዩ ሄደ።

"ድንጋይ፣ እህቴን ለምን አትይዛትም?"

"በምን ልያዛት?" አለ ድንጋዩ። "ሽበት ለብሼ እያየኸኝ።"

እውነቱን ነው። ክረምት ሲከርም ድንጋይ ላይ የሚለጠፈው፣ አረንጓዴ፣ እንደ ሳሙና የሚያሟልጨው ነገር፣ የሰፈሩ ሰው የድንጋይ ሽበት የሚለው፣ መንገዱን ከላይ እስከ ታች አልብሶታል።

እህት አትወርድም፣ ድንጋይ አይዛትም፤ ድንጋይ አይዛትም፣ ሽበት ለብሷል። ሙልሙሉም ይበርዳል።

ልሳነወርቅ አካፋ አመጣና ሽበቱን ፋቀው፤ አመድም ነሰነሰበት። ሌሊቱን ዘነበ። ጠዋት አመዱ የለም፤ ድንጋዩ እንደገና ያሟልጫል።

"ሽበት፣ ለምን አትለቅም?"

"ውሃ እያጠባኝ?" አለ ሽበቱ። "ጡት ሳይነጠቅ ጡት የጣለ የት አይተሃል?"

እህት አትወርድም፣ ድንጋይ አይዛትም፤ ድንጋይ አይዛትም፣ ሽበት ለብሷል፤ ሽበት አይለቅም፣ ውሃ ያጠባዋል። ሙልሙሉም ይበርዳል።

"ውሃ፣ ለምን አትሄድም?"

"ውሃ ቁልቁል እንደሚሄድ ያን ሁሉ ዓመት ስትማር አልነገሩህም?" አለ ውሃው። "መሄዱን እሄድ ነበር፤ ቦዩ አላሳልፍ ቢለኝ ነው በአባትህ ድንጋይ ላይ የምልከሰከሰው።"

ልሳነወርቅ ከላይ ወደ ግቢው ወደሚወርደው ቦይ ጎንበስ አለ።

"ቦይ፣ ውሃውን ለምን አታሳልፍም?"

"አፌ ላይ ግንብ ተቀምጦ በየት በኩል ልዋጠው?"

እህት አትወርድም፣ ድንጋይ አይዛትም፤ ድንጋይ አይዛትም፣ ሽበት ለብሷል፤ ሽበት አይለቅም፣ ውሃ ያጠባዋል፤ ውሃ አይሄድም፣ ቦይ አያሳልፈውም፤ ቦይ አያሳልፍም፣ ግንብ አፉን ይዞታል። ሙልሙሉም በርዷል።

እዚህ ላይ የልሳነወርቅ እርምጃ ዘገየ። ግንቡን ያውቀዋል። ቢሆንም ጠየቀ፤ የተማረ ሰው መጠየቅ አይተውም።

"ግንብ፣ ለምን አትነሳም?"

"ያቆመኝ ይንገርህ።"

"ማነው ያቆመህ?"

"አሁን ይሄ ይጠየቃል?" አለ ግንቡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባታቸው ሲያርፍ ልሳነወርቅ ትምህርት ላይ ነበር። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ርስቱን አካፈሉ። መንገድ ዳር ያለውን የላዩን ቦታ ለእታፈራሁ ባል ሰጡ፣ ውሃ የሚተኛበትን የታችኛውን ለልሳነወርቅ። "እሱማ ተምሯል፤ ዲግሪውን ይውረስ" አሉና ሳቁ። አባትየው "ላዩ የልሳኑ ነው" ሲል የሰማች አንዲት ሰው ነበረች፤ እታፈራሁ። ባሏን አየች፣ ሽማግሌዎቹን አየች፣ ከዚያ የእግሯን ጣት እያየች ዝም አለች።

ልሳነወርቅ ዲግሪውን ይዞ መጣ። ዲግሪው አላበላውም። ድንጋይ ተሸከመ፣ ሲሚንቶ አቦካ፣ "የእነሱ ጎርፍ በእኔ ግቢ አያልፍም" ብሎ በቦዩ አፍ ላይ ግንብ አቆመ። ውሃ ማን በዳይ፣ ማን ተበዳይ እንደሆነ አይለይም። ቦዩ ሲዘጋበት ወደ ጎን ዞሮ በአባታቸው መንገድ ላይ ወረደ። የእታፈራሁ ባል ሞተ፤ ሽማግሌዎቹም አንድ በአንድ አለፉ። ግንቡ ግን ቆሞ ቀረ።

"እንግዲህ ያቆመኝ ቂምህ ነው" አለ ግንቡ። "እሱን ጠይቀው።"

"ቂም፣ ለምን አትለቅም?"

"እህትህ ወርዳ ያንን የአባትህን ቃል እስክትናገር እየጠበቅሁ ነዋ" አለ ቂሙ። "አንተው አይደለህ ጠብቅ ያልከኝ?"

ቂም አይለቅም፣ እህት ወርዳ አልተናገረችም፤ እህት አትወርድም፣ ድንጋይ አይዛትም፤ ድንጋይ አይዛትም፣ ሽበት ለብሷል፤ ሽበት አይለቅም፣ ውሃ ያጠባዋል፤ ውሃ አይሄድም፣ ቦይ አያሳልፈውም፤ ቦይ አያሳልፍም፣ ግንብ አፉን ይዞታል፤ ግንብ አይነሳም፣ ቂም አቁሞታል፤ ቂም አይለቅም፣ እህት ወርዳ አልተናገረችም።

ልሳነወርቅ ዞሮ የተነሳበት ቦታ መድረሱን አየ። ከሁሉ የከፋው፣ እውነት የእሱ መሆኗ ነው። ተበድሏል። ማንም ቢፈርድ ለእሱ ይፈርዳል። ግን ፈራጅ አልመጣም፤ እሱም እውነቱን ታቅፎ ግርጌ ተቀምጦ አረጀ።

"ልሳኑ" አለች እታፈራሁ ከላይ። "ልጄ ደርሳለች። ዕቃ እያሰረች ነው።"

ልሳነወርቅ መዶሻ ሊያመጣ ገባ።

የመጀመሪያው ምት ክንዱን አደነዘዘው። ግንቡን ሲገነባ ጎበዝ ነበር፤ ሲያፈርስ ሽማግሌ ነው። መታ፣ አረፈ፣ መታ። ቂም እጁን ቢለቀው ግንብ ተነሳ፤ ግንብ ቢነሳ ቦይ አፉን ከፈተ፤ ቦይ አፉን ቢከፍት ውሃ ሄደ፤ ውሃ ቢሄድ ሽበት ጡት አጣ፤ ሽበት ጡት ቢያጣ በአካፋ ተፋቀ፣ በሽቦ ብሩሽ ተፈተገ፣ ዝናቡ ጋብ ባለ ቀን ፀሐይ አገኘውና ደርቆ ተላጠ። ሽበት ቢላጥ ድንጋይ እግር ያዘ፤ ድንጋይ እግር ቢይዝ እህት ወረደች።

ጎን ለጎን እየረገጠች፣ በአንድ እጇ አጥሩን፣ በሌላው ነጠላዋን ይዛ ወረደች። ሙልሙሉን አውጥታ ሰጠችው። የአውራ ጣቷ ምልክት መሐሉ ላይ አለ።

"ደርቋል" አለች።

"አይቻለሁ።"

"ላዩ ያንተ ነበር፣ ልሳኑ። አባባ ሲናገር ሰምቻለሁ። እያወቅሁ ዝም አልኩ።"

ልሳነወርቅ ለዚህ ቃል የሚሆን መልስ ያልሠራበት ሌሊት አልነበረም። ሁሉንም በቃሉ ያውቀው ነበር።

"እንዴት ጠንክሯል" አለ፣ ሙልሙሉን እያገላበጠ።

"ሻይ ውስጥ ንከረው።"

ነክረው በሉ። ጥርስ ያለው በጥርሱ፣ የሌለው በድዱ። ከዚያ ብድግ አለች፤ እሱም ክንዷን ደግፎ እስከ ላይ አደረሳት። አቀበቱ አጭር ነበር። ለካ ይህን ያህል ብቻ ነው።

በማግስቱ መኪናው እታፈራሁን ወሰዳት። መንገዱ አሁን ደረቅ ነው፤ ሕፃን ቢሮጥበት አይወድቅም። ልሳነወርቅ ክረምት በመጣ ቁጥር ይፍቀዋል። ከላይ የሚወርድ ሰው የለም፤ እሱ ግን ይፍቀዋል።

ተረቴን መልሱልኝ። አፌን የምታብሱበትን ዳቦ ግን ሳይበርድ አምጡት።